ከሐረጎ በላይና ከሐረጎ በታች፦ የደሴንና የኮምቦልቻን አየር ከግፊት፣ ከነፋስና ከደመና የማንበብ አሠራር

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአሮጌ ዕቃ ነጋዴ አንድ የነሐስ ባሮሜትር (የአየር ግፊት መለኪያ) ገዝቼ ደሴ ቤቴ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩ። ክብ ፊቱ ላይ «አውሎ ነፋስ»፣ «ዝናብ»፣ «ለውጥ»፣ «ብራ» የሚሉ ቃላት በባዕድ ቋንቋ ተጽፈውበታል። መርፌው ግን ከ«አውሎ ነፋስ» አልፎ መጨረሻው ላይ ተጋድሞ ቀረ። ፀሐይ ቢወጣ፣ ዶፍ ቢወርድ ንቅንቅ የለም። ስድስት ወር ያህል ነጋዴውን በልቤ ሳማ ከቆየሁ በኋላ ነው ነገሩ የገባኝ። መሣሪያው ጤነኛ ነበር፤ የተሠራው ግን በባሕር ጠረፍ ለሚኖር ሰው ነው።

በባሕር ጠለል ላይ የአየር ግፊት በአማካይ 1013 ሄክቶፓስካል (የግፊት መለኪያ አሃድ) ነው። ደሴ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ስለተቀመጠች ግፊቷ 750 ገደማ ነው። በውቅያኖስ ላይ እስካሁን ከተለኩት ሁሉ ዝቅተኛው ግፊት በ1979 እ.ኤ.አ. በፓስፊክ የተነሣው «ቲፕ» የተባለው አውሎ ነፋስ መሐል የተመዘገበው 870 ነው። ምስኪኑ ባሮሜትር ደሴን ባየ ጊዜ ከዚያም የባሰ መዓት መጣ ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም።

በትምህርት ቤት የተማርነውም እንደዚያው ባሮሜትር ነው። «ግፊት ሲወርድ ይዘንባል፣ ቀዝቃዛ ግንባር (ሞቃቱን አየር እየገፋ የሚመጣ የቀዝቃዛ አየር ፊት) ሲያልፍ ሰማዩ ይጠራል» የሚለው ሕግ ለአውሮፓ ተጽፎ ወደ እኛ የመጣ ነው። ሕጉ ሐሰት አይደለም፤ ጦሳ ተራራ ሥር ላለ ሰው ግን በቀጥታ አይሠራም። ከዚህ በታች ያለው እኔ ከደሴ ኮምቦልቻ ስመላለስ ይሠራልኛል ብዬ የያዝኩት አካሄድ ነው። ለበርበሬ አስጪ፣ ለእህል ወቂ፣ ለሾፌር፣ ለድንኳን ተካይ ይጠቅማል ብዬ አስባለሁ።

1. ግፊትን በጠርሙስ እዩ

የታሸገ ውኃ ጠጥታችሁ ባዶውን ፕላስቲክ ደሴ መናኸሪያ ላይ ክዳኑን ጠበቅ አድርጋችሁ ዝጉትና ወደ ኮምቦልቻ በሚወርድ ሚኒባስ ተሳፈሩ። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ስትወርዱ ጆሮአችሁ ይደፈናል፤ ምራቅ ስትውጡ ይከፈታል። ኮምቦልቻ ስትደርሱ ጠርሙሱን ተመልከቱት፤ ጎኑ ወደ ውስጥ ገብቷል። ማንም አልጨመቀውም። ኮምቦልቻ 1850 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ግፊቷ 810 ገደማ ነው፤ የጨመቀው በመካከል ያለው የ60 ሄክቶፓስካል ልዩነት ነው። ከኮምቦልቻ የተገዛ የድንች ጥብስ ከረጢት ደግሞ ደሴ ሲደርስ እንደ ከበሮ ይወጠራል።

የአየር ሁኔታ ትምህርት ሁሉ እዚህ ጠርሙስ ውስጥ አለ ማለት ይቻላል። አየር ግፊቱ ከበዛበት ወደ አነሰበት ይሄዳል፤ ነፋስ የምንለው እሱን ነው። ከፍተኛ ግፊት ባለበት ቦታ አየሩ ከላይ ወደ ታች ይሰምጣል፤ ሲሰምጥ ይሞቃል፣ ደመናም ይበተናል። ዝቅተኛ ግፊት ባለበት አየሩ ከዙሪያው ተሰብስቦ ወደ ላይ ይነሣል፤ ሲነሣ ይቀዘቅዛል፣ እርጥበት ከያዘም ደመና ይሆናል። ምድር ስለምትሽከረከር ደግሞ በሰሜኑ የዓለም ክፍል የሚሄድ ነፋስ ወደ ቀኙ ይታጠፋል።

2. ግፊት የምትለኩ ከሆነ ሰዓት አትቀያይሩ

አንዳንድ ስልኮች ውስጥ የግፊት መለኪያ አለ። ካላችሁ ጥሩ፣ ከሌላችሁ ይህን ክፍል ዝለሉት፤ ብዙ አይቀርባችሁም።

በእኛ አካባቢ ግፊት እንደ ባሕር ሞገድ በቀን ሁለት ጊዜ ከፍ፣ ሁለት ጊዜ ዝቅ ይላል። ጠዋት 4 ሰዓት ገደማ ከፍ ይላል፣ ከቀትር በኋላ 10 ሰዓት ገደማ ዝቅ ይላል፤ ማታ 4 ሰዓት እንደገና ይወጣል፣ ሌሊት 10 ሰዓት ይወርዳል። ልዩነቱ ከ2 እስከ 4 ሄክቶፓስካል ይደርሳል። ምክንያቱ ፀሐይ የላይኛውን አየር በየዕለቱ ማሞቋ ነው፤ ዝናብ ኖረም አልኖረም አይቀርም። አውሮፓ ውስጥ አንድ አውሎ ነፋስ ሲያልፍ ግፊቱ በ20 እና በ30 ስለሚወርድ ይህ ዕለታዊ እስትንፋስ አይታይም። እኛ ዘንድ ግን በሁለት ቀን መካከል የሚኖረው እውነተኛ ለውጥ ብዙ ጊዜ ከዚህ ያነሰ ነው። ስለዚህ ከቀትር በኋላ መለኪያውን አይቶ «ግፊቱ ወርዷል፣ ሊዘንብ ነው» የሚል ሰው በየቀኑ ይሳሳታል።

በየቀኑ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ቦታ ለኩ። እኔ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ፣ ያው መስኮት ሥር እለካለሁ። ሦስት ፎቅ ብትወጡ 1 ሄክቶፓስካል ይወርድባችኋል፤ ይህን ረስቶ ከጣሪያ ላይ ለክቶ የደነገጠ አውቃለሁ። የዛሬውን 3 ሰዓት ከትናንቱ 3 ሰዓት ጋር አስተያዩ። ሁለት ሦስት ቀን በተከታታይ ከወረደ በእርግጥ አንድ ነገር እየመጣ ነው።

3. አሁን ነፋሱን የሚነዳው ማን እንደሆነ ለዩ

ወደ ደመና ከማንጋጠጣችሁ በፊት ወሩን አስቡ። ወሎ ላይ ዓመቱን ሦስት ገዢዎች ይፈራረቁበታል፤ ሦስቱም መቀመጫቸው ከእኛ የራቀ ነው።

ከጥቅምት እስከ ጥር ገዢው ከሳይቤሪያ አንሥቶ እስከ አረቢያ ምድር የሚዘረጋው ከፍተኛ ግፊት ነው። ከሰሜን ምሥራቅ ደረቅ አየር ይልክልናል። ቀኑ ብራ፣ ሌሊቱ የከዋክብት ነው። ደመና የሌለበት ሌሊት ምድር ሙቀቷን ለሰማይ ትለቃለች፤ ነፋስም ከሌለ ቀዝቃዛው አየር ከባድ ስለሆነ እንደ ውኃ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይፈስሳል። በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ሜዳው ላይ አመዳይ ተነጥፎ ኮረብታው ላይ የማታዩት ለዚህ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፦ አመሻሽ ላይ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ነፋሱ የቆመ፣ አየሩም ደረቅ ከሆነ ችግኛችሁን ሸፍናችሁ እደሩ።

ከየካቲት እስከ ግንቦት በልግ ነው። ለደሴ ዙሪያና ለኩታበር ገበሬ በልግ የዓመቱ እንጀራ ነው፤ ለተንባይ ግን ራስ ምታት ነው። በልግ ሁለት ጌታ አለው። አንደኛው በአረብ ባሕር ላይ የሚቀመጠው ከፍተኛ ግፊት ሲሆን ከደቡብ ምሥራቅ እርጥብ ነፋስ ወደ እኛ ይገፋል። ሁለተኛው ከሜዲትራኒያን የሚነሣው ዝቅተኛ ግፊት ነው፤ ወደ ምሥራቅ ሲጓዝ ጅራቱን ወደ ደቡብ፣ ወደ ቀይ ባሕር ያወርዳል። አንዱ እርጥበቱን ያመጣል፣ ሌላው ወደ ላይ ያነሣዋል። ሁለቱ ከተገናኙ ይዘንባል፤ አንዱ ከቀረ ደመና ብቻ ያልፋል። የበልግ ዝናብ ሦስት አራት ቀን ጥሎ ሁለት ሳምንት የሚጠፋው በዚህ ነው። የሜዲትራኒያኑ እንግዳ መጥቶ ይሄዳል እንጂ አይሰነብትም።

ከዚያ ሰኔ ይመጣል፤ በእኛ በኩል ከበልግና ከክረምት መካከል የሚገኝ ደረቅ ክፍተት ነው። በምዕራቡ አገር በሰኔ ዝናብ ሲዘንብ ኮምቦልቻ አቧራ ታነሣለች። የአዲስ አበባን ዜና ሰምታችሁ «ክረምት ገባ» ብላችሁ አትቸኩሉ።

ክረምቱ ወሎን በደንብ የሚይዘው በሐምሌና በነሐሴ ነው። ሰኔ ላይ ፀሐይ ወደ ሰሜን ስለምትሄድ ሰሃራ፣ ሱዳንና አረቢያ ይግላሉ፤ የጋለ ምድር ላይ ያለው አየር ቀልሎ ስለሚነሣ ዝቅተኛ ግፊት ይፈጠራል። በዚያው ጊዜ ከምድር ወገብ በታች ብርድ ነው፤ ከማዳጋስካር በስተ ምሥራቅ በማስካሬን ደሴቶች አካባቢ እና በደቡብ አትላንቲክ በቅድስት ሄለና ደሴት አካባቢ ከፍተኛ ግፊት ይጠነክራል። ከደቡብ የሚገፋ አለ፣ ከሰሜን የሚስብ አለ። የሰሜኑና የደቡቡ ነፋሳት የሚገናኙበት ቀጠና ወደ ሰሜን ተጉዞ በላያችን ያልፋል፤ እርጥቡ ነፋስም ከምዕራብና ከደቡብ ምዕራብ ይገባል። ኤል ኒኞ፣ ማለትም የፓስፊክ ውቅያኖስ ውኃ ከወትሮው በላይ መሞቅ፣ ሲከሰት ይህ አሠራር ይላላል። የ2007 ዓ.ም. ክረምት በምሥራቅ አማራና በአፋር እንዴት እንደከዳ ያየ ሰው አይረሳውም።

ስለዚህ ነፋስን ስትመለከቱ ጥያቄው «ይነፍሳል ወይ?» ሳይሆን «ከየት?» ነው። የጎዳናውን ነፋስ ግን አትመኑ። ደሴ በተራሮች መካከል ስለሆነች ነፋሱ በየሸለቆው ይታጠፋል። ቀን ቀን የጋለው አየር ከኮምቦልቻ ሸለቆ ወደ ላይ ይወጣል፣ ማታ የቀዘቀዘው ይወርዳል፤ ይህ የተራራው የራሱ ጉዳይ ነው። እውነቱን የሚነግራችሁ ከተራራው በላይ ያለው ደመና አካሄድ ነው። ከምሰሶ ወይም ከቤት ጥግ ጋር አሰልፋችሁ ለአንድ ደቂቃ ተመልከቱት፤ ወዴት እንደሚሄድ ይታያችኋል።

4. ግንባሩን አትጠብቁ፣ ጅራቱን ጠብቁ

«ግንባር» የሚለውን ቃል የአየር ሁኔታ ሳይንስ ከጦር ሜዳ ነው የተዋሰው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ማግስት በኖርዌይ በርገን ከተማ ቪልሄልም ቢየርክነስና ልጁ ያኮብ፣ ከባልደረቦቻቸው ጋር፣ ቀዝቃዛና ሞቃት አየር ሲገናኙ እንደ ሁለት ሠራዊት ተፋጥጠው እንጂ ወዲያው ተቀላቅለው እንደማይቀሩ አስተዋሉ። ቀዝቃዛው ከባድ ስለሆነ እንደ ማረሻ ከሥር ገብቶ ሞቃቱን ያነሣዋል፤ የተነሣው ይዘንባል።

ይህ ሰልፍ ካይሮን ይመታል፣ ደሴን ግን በሰልፉ አይደርስባትም። በረሃውንና ቀይ ባሕርን ሲያቋርጥ ቅዝቃዜው ይሟሟል። የሚደርሰን ጅራቱ ነው፦ በላይኛው አየር ያለ ሸለቆ መሰል ዝቅተኛ ግፊት፣ እና ከሰሜን በቀይ ባሕር ላይ የሚወርድ ቀዘቀዝ ያለ ነፋስ። ይህ ነፋስ ከኤደን ባሕረ ሰላጤ በኩል ከሚመጣው የደቡብ ነፋስ ጋር ቀይ ባሕር ላይ ይጋጠማል፤ እዚያ የተጠራቀመው ደመናም አንዳንዴ እስከ ወሎ ይደርሳል።

ታዲያ ጅራቱ መምጣቱን በምን ታውቃላችሁ? ለዚህ የወሎ ሰው ከማንም የተሻለ መረጃ አለው፤ ጂዳ ዘመድ የሌለው ቤት ጥቂት ነውና። ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ እህቴ ደውላ «ዛሬ እዚህ ዘነበ» ካለችኝ የሳተላይት ምስል እከፍታለሁ። ሜቴኦሳት የተባሉት ሳተላይቶች በየ10 ወይም በየ15 ደቂቃው ምስል ይልካሉ፤ ምስሉ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛል። ከሱዳን ወይም ከግብፅ በኩል ተነሥቶ ወደ ሰሜን ምሥራቅ የሚዘረጋ ረጅም የደመና መቀነት ካለ ያ ሸለቆ መሰል ዝቅተኛ ግፊት እየቀረበ ነው። ቀጥሎ ሰማያችንን አያለሁ። በመጀመሪያ ከምዕራብ እንደ ላባ የሳሳ ከፍተኛ ደመና ይመጣል። ከዚያ ፀሐይን ወይም ጨረቃን ቀለበት ይከባታል። ከዚያ በባቲ በኩል፣ ከአፋር አቅጣጫ፣ ዝቅ ያለ ግራጫ ደመና መውጣት ይጀምራል። ሦስቱ በአንድ ላይ ከተገኙ በርበሬው ከስጥ ይነሣ፣ አውድማው ሸራ ይልበስ። ጂዳ ዘንቦ ባቲ በኩል ግን ደረቅ ከሆነ እርጥበቱ የለም፤ ብዙ አትጨነቁ። የኅዳሩ ዝናብ በተለይ ጥቂቱም ጎጂ ነው፤ የታጨደ እህል ላይ ይወርዳልና።

5. ሐረጎ መዘጋቱን ከኮምቦልቻ ሆናችሁ አስሉ

ይህ የምወደው ክፍል ነው። ሾፌሮች «ሐረጎ ተጠቅልሏል» ይላሉ፤ ጉም ዋጠው ማለታቸው ነው። ጉም ከታች ሆነው ሲያዩት ደመና፣ ውስጡ ሲገቡ ጉም የሚባል ያው አንድ ነገር ነው። ስለዚህ የደመናውን ወለል ከፍታ ካወቃችሁ ደሴ ደመና ውስጥ መሆን አለመሆኗን ታውቃላችሁ።

ስልካችሁ ላይ የኮምቦልቻን የአየር ሙቀትና የጤዛ ነጥብ እዩ። የጤዛ ነጥብ ማለት አየሩ ምን ያህል ቢቀዘቅዝ ጤዛ እንደሚጀምር የሚያሳይ ቁጥር ነው። ከሙቀቱ ላይ የጤዛውን ነጥብ ቀንሱ፣ ያገኛችሁትን በ125 አባዙ። መልሱ ደመናው ከኮምቦልቻ በላይ በስንት ሜትር ላይ እንደሚጀምር ይነግራችኋል። ሙቀቱ 20 ዲግሪ፣ የጤዛው ነጥብ 15 ቢሆን ልዩነቱ 5 ነው፤ 5 በ125 ሲባዛ 625 ሜትር። 1850 ላይ 625 ስትደምሩ 2475 ይመጣል፤ ልክ የደሴ ከፍታ። ስለዚህ ለኛ ወሳኟ ቁጥር 5 ናት። ልዩነቱ 8 ወይም 9 ከሆነ ደመናው ከተማዋን ዘልሎ ከላይዋ ይውላል። 5 ከሆነ ጣሪያዎቿን ይልሳል። 3 ከሆነ የመኪና መብራት አብሩ፣ ወይም ቡና ጠጥታችሁ ቆይታችሁ ውጡ።

ስሌቱ አየር ወደ ላይ በሚነሣበት በቀኑ ክፍል ነው የሚሠራው። ማለዳ ሸለቆው ውስጥ የተኛ ጉም ሌላ ነው፤ እሱ ፀሐይ ጠንከር ስትል ይነሣል።

6. ከቀትር በኋላ፦ ትንሿ ግንባር

ትልቁ ግንባር አይደርስም ብያለሁ፤ ትንሿ ግን በክረምት ደሴ ላይ ደጋግማ ትመጣለች። ጠዋት ብራ ነው። 5 ሰዓት ገደማ ጦሳ ላይ ነጫጭ ደመና ይቆለላል። 8 ሰዓት ላይ አናቱ እንደ አበባ ጎመን ይፈነዳል፣ ሥሩ ይጠቁራል። ከዚያ ሰኞ ገበያ ላይ የቆማችሁ እንደሆነ ድንገት ቀዝቃዛ ነፋስ ይመጣል፤ ሸራው ይርገበገባል፣ አቧራው ይነሣል፣ ከየት እንደሆነ ያልታወቀ የረጠበ አፈር ሽታ ያውዳል። ይህ ነፋስ ከዝናቡ ጋር ከላይ ወርዶ መሬት ላይ የተዘረጋ ቀዝቃዛ አየር ነው፤ ሞቃቱን ከሥሩ እየፈነቀለ ይሄዳል። የበርገን ሰዎች ያሉትን ግንባር በትንሹ ፊታችሁ ላይ ተቀበላችሁት ማለት ነው። መለኪያ ያለው ሰው ግፊቱ በደቂቃዎች ውስጥ ጭማሪ ሲያሳይ ያያል፤ ቀዝቃዛ አየር ከባድ ነውና። ከዚህ በኋላ ያላችሁ ጊዜ ዕቃ ለመሰብሰብ እንጂ ዋጋ ለመከራከር አይበቃም።

መብረቅ ካያችሁ እስከ ነጎድጓዱ ድረስ ሰከንድ ቁጠሩ፤ 3 ሰከንድ 1 ኪሎ ሜትር ነው። ከ30 በታች ከሆነ ቤት ወይም መኪና ውስጥ ግቡ። ዛፍ ሥር መጠለል አይሆንም፤ ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላም 30 ደቂቃ ቆዩ። ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ ፀሐይ ቢሆንም ወደ ደሴ አቅጣጫ ከጠቆረ ልብስ የሚያጥቡትን ከቦርከና አውጧቸው፤ የላይኛው ዝናብ በወንዙ ይመጣል። በፀሐይ የሚዘንበውን ልጆች «ጅብ ወለደች» ይሉታል፤ እሱ የተናጠል ደመና ጠርዝ ስለሆነ ቶሎ ያልፋል።

7. ትንበያ ስትሰሙ

የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የየ10 ቀኑንና የየወቅቱን ትንበያ ያወጣል። የወቅቱ ትንበያ «ከመደበኛ በላይ»፣ «መደበኛ»፣ «ከመደበኛ በታች» እያለ ለእያንዳንዱ የመቶኛ ዕድል ይሰጣል። «ከመደበኛ በላይ 45 በመቶ» ሲባል 45 በመቶ ይዘንባል ማለት አይደለም፤ ከሦስቱ ዕጣዎች ይህኛው በለጥ ያለ ዕድል አለው ማለት ነው። የስልክ ትንበያ ስታዩ ደግሞ «ደሴ» ብላችሁ ብቻ አትተዉ፤ የትኛውን ከፍታ እንደወሰደ ተመልከቱ። ብዙዎቹ ተራራና ሸለቆውን አንድ ላይ ያማክላሉ፤ ደሴን አለ ልክ ያሞቋታል፣ ኮምቦልቻን ያበርዷታል።

8. ደብተር ያዙ

አንድ መስመር ለአንድ ቀን ይበቃል፦ ግፊት፣ የከፍተኛው ደመና አቅጣጫ፣ ባቲ በኩል ምን እንዳለ፣ የኮምቦልቻ ሙቀትና የጤዛ ነጥብ ልዩነት፣ ግምታችሁ፣ ማታ ላይ የሆነው። ግምቱን ሳትጽፉ የሆነውን ብቻ አትጻፉ፤ ሁላችንም ዝናቡ ከዘነበ በኋላ ነቢያት ነን። ከኔ ደብተር የአንድ መጋቢት ሦስት ቀናት እነሆ፦

የመጀመሪያው ቀን፦ ግፊት ከትናንቱ በ1 ዝቅ። የላባ ደመና ከምዕራብ። ባቲ በኩል ንጹሕ። ልዩነት 11። ግምት፦ አይዘንብም። አልዘነበም።

ሁለተኛው ቀን፦ ግፊት እንደገና በ1 ዝቅ። እህቴ ከጂዳ ደውላለች፣ ዘንቧል። ፀሐይ ቀለበት አላት። ባቲ በኩል ከቀትር በኋላ ግራጫ። ልዩነት 7። ግምት፦ ነገ። ሌሊት ካፊያ ጣለ።

ሦስተኛው ቀን፦ ልዩነት 4፣ ሐረጎ ተጠቅልሏል። ግምት፦ ከ6 ሰዓት በፊት ዶፍ። ለጎረቤቶቼ ሁሉ ነግሬ የግቢው በርበሬ በሙሉ ተነሣ። ዶፉ ሐይቅ ከተማ ላይ ወረደ፤ እኛ ጋ እስከ ማታ ጉም ብቻ ነበር፣ ከጎረቤቶቼም አንዷ የነሐሱን ባሮሜትር ጠቅሳ «እሱስ ቢያንስ ዝም ይላል» አለችኝ።